እናቴን አብራችሁኝ ለፈለጋችሁ ሁሉ

የማናችሁንም ስም አላውቅም። የአንዳንዶቻችሁን መልክ እንኳ በደንብ አላስታውስም። ያን ቀን ዓይኔ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግን ሳላመሰግናችሁ ብቀር እናቴም እህቴም አይለቁኝም፤ እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው ቅዳሜና እሁድ የታናሽ እህቴ ምርቃት ነበር። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባች እሷ ብቻ ናት። እኔ በልስን ሥራ ነው የምተዳደረው። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ረግጬ አላውቅም ብል ግን ውሸት ነው፤ አንድ ጊዜ የሌላ ግቢ ዶርም ለስኛለሁ። እንግዳ ሆኜ ስገባ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥር ልጅ ያስተማረች ሴት ናት።

ቅዳሜ ስንገባ ግቢው ደምቋል። ሙዚቃው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ጋዋን የለበሱ ጂሲዎች፣ ተመራቂዎቹ ማለቴ ነው፣ በየዛፉ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። ሁሉም የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ይመስላል። እኛ ብቻ መሀል መንገድ ላይ ቆመናል። እናቴ ክንዴን ጨብጣ «እንዳንባረር ቀስ ብለህ ሂድ» አለችኝ። እኔም የሚያውቀኝ ነገር ሳጣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብዬ በጣቴ አንኳኳሁት። ልስን ከግድግዳው ከለቀቀ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ይሄኛው ጥሩ ነው። ትንሽ ተረጋጋሁ።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ እንደዚያ ቆመን ላገኘን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ማንን ልጥራላችሁ?» ብሎ የእናቴን ዘንቢል ተሸክሞ እስከ እህቴ ዶርም ድረስ ወሰደን። በኋላ ሳጣራ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለካ እሱም ግቢውን ገና መልመዱ ነው። ሁለት ጊዜ አሳስቶናል። ቢሆንም ተባረክ።

ጭንቁ የመጣው እሁድ ነው። ሥነ ሥርዓቱ የሚካሄደው ሜዳው ላይ ነበር። ፀሐዩ ከረር ሲል እናቴን ዳር ላይ ወንበር አስያዝኳትና ውኃ ላመጣ ሄድኩ። ብዘገይ ሩብ ሰዓት ነው። ስመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። ስልኩ ጭራሽ አልጠራም። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠረጴዛ ይዞ ወደተቀመጠው አስተናጋጅ ሮጥኩ፤ ቀና ሳይል «ይጠብቁ» አለኝ። አልተቀየምኩትም ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተቀይሜዋለሁ።

አጠገቤ የነበረች ጋዋን የለበሰች ልጅ ናት ያዳነችኝ። «አይደውሉ፣ ሜሴጅ ይላኩ» አለችኝ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል የአካባቢው ኔትወርክ አይችለውም፤ ሜሴጅ ግን ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፣ መንገዱ ቢጨናነቅም ቆይቶ ይደርሳል ብላ አስረዳችኝ። እናቴ ሜሴጅ ማንበብ አትችልም። «ለእህትዎ ይላኩ» አለችኝና ስልኬን ተቀብላ ራሷ ጻፈችው። «አጭር ይሁን፣ በእኛ ፊደል አንዱ ሜሴጅ ከ70 ፊደል አያልፍም» አለች። «እማዬን አጣኋት። ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ነኝ።» ይኸው ነው። ከዚያ የሰልፉን ጥሪ ትታ ጓደኞቿን ሰበሰበች። ስንት እንደነበራችሁ አልቆጠርኩም። የቀሚሷን ቀለም ጠየቃችሁኝ፣ ረድፍ ተከፋፈላችሁ፣ ጋዋናችሁን ሰብስባችሁ ሮጣችሁ። የራሳችሁን ምርቃት ጥላችሁ ነው እኮ!

እኔን «ከቦታህ እንዳትንቀሳቀስ» ብላችሁ ደረጃው ላይ አስቀመጣችሁኝ። ሁለት ሰው እየተፈላለገ መተላለፉ ይብሳል አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም።

እዚያ ነው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አባት፣ አጠገቤ የተቀመጡት። ወሬ እያመጡ ሊያዘናጉኝ እንደሆነ ገብቶኛል። «ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ለሳኝ ነኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ባርኔጣው ያንተ ነው» ብለው ሳቁ።

ተማሪዎቹ የሚደፉት ባለ አራት ማዕዘን ቆብ በእንግሊዝኛ ስሙ ሞርታርቦርድ ነው አሉኝ። ለሳኝ የተቦካ ሲሚንቶ የሚይዝበትን፣ ከሥሩ እጀታ ያለውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት። እኔ ያን ሰሌዳ ስይዝ ስንት ዓመቴ! ቀና ብዬ ሜዳውን አየሁ። በየሰዉ ራስ ላይ የእኔ ዕቃ ተደፍቷል። ያን ሁሉ ጭንቀት ይዤ ሳቄ መጣ። ጋዋኑም ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የመጣ ነው አሉኝ፤ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፣ የሚማሩበት የድንጋይ ቤትም ብርድ ነበር። ካምፓስ የሚለው ቃል ደግሞ በላቲን ሜዳ ማለት ነው፤ ለትምህርት ግቢ መጠሪያ የሆነው አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። «ሜዳ ከሆነ ሰው አይጠፋበትም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

እናቴ የተገኘችው ማንም ያልፈለጋት ቦታ ነው፤ ተመራቂዎቹ መሀል። ፀሐዩ ሲበረታባት ጥላ ፍለጋ ትነሳለች፣ አንዷ ተመራቂ ታያታለች፣ እጇን ይዛ ከጎኗ ባዶ ወንበር ላይ ታስቀምጣታለች። እናቴም ልጅቷ ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ ተነሺ ብትባልም የምትነሳ አልሆነችም። የዚያች ልጅ ወላጆች መምጣት አልቻሉም ነበር። ቆቡ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት እናቴ ራሷ ነች ያስተካከለችላት፤ ስሟ ሲጠራም ብድግ ብላ አጨብጭባለች። ከእህቴ በፊት አንድ ልጅ አስመርቃለች ማለት ነው።

ስደርስ ልቆጣት ነበር። «ዝም በል፣ የሁለተኛዋ ልጄ ተራ ሊደርስ ነው» አለችኝ። ከኋላችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሜሴጁ እህቴ ስልክ ላይ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንብባ ስትደነግጥ እናቴ ከፊቷ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች።

ሜሴጁን የጻፍሽልኝ ልጅ፣ የሰልፍ ቦታሽን እንዳጣሽ በኋላ ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ገብተሽ እንደተመረቅሽ ሲነግሩኝ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። የግቢው ጥበቃዎች፣ ማታ ስንወጣ «እማማ ተገኙ?» ብላችሁ ከልባችሁ ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። የእህቴ የዶርም ጓደኞች፣ አልጋችሁን ለእናቴ ለቃችሁ መሬት ላይ ለተኛችሁት ምን ልበላችሁ?

እናቴን አጠገብሽ ያስቀመጥሻት ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቆብሽን ያያዘችበት መርፌ ቁልፍ የእሷ ነበር። ስታወልቂው መልሰሽላት፣ አሁን ቀሚሷ ላይ ሰክታዋለች። ለእህቴ ስጫት ብላት፣ «የሷ አይደለም፣ የዚያችኛዋ ነው» አለችኝ።