ቡችላው ኃይለኛ እንዲሆን ብላችሁ በሰንሰለት አትሰሩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ሄርማታ የምኖር፣ ጀበና ቡና እየሸጥኩ ልጅ የማሳድግ እናት ነኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ ለግቢው ጠባቂ ይፈልግና ቡችላ ይወስዳል። ቡችላው በገባ ማግስት አንገቱ ላይ ሰንሰለት ይገባል፣ ሚጥሚጣ ይበላል፣ ጆሮው ይቆረጣል። ለምን ሲባል “ኃይለኛ እንዲሆን” ነው መልሱ። ይህን እንድንተው ልለምን ነው የምጽፈው።

ልጄ አጋሮ አክስቱ ዘንድ ከርሞ ሲመለስ ቡላ የሚባል ቡችላ ይዞ መጣ። አክስቱ “ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አልለየውም” ብላ በማቆየቷ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነው ንክሻው ምን ያህል እንደሚያም የሚማረው። ቶሎ የተለየ ግን ይህ ሳይገባው ያድጋል።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እንቅልፍ የሚባል አላየንም። እናቱን ፍለጋ ሲያለቅስ ያድራል። በጅሬን በኩል ጅብ ሲጮህ ደግሞ ድምፁን ያጠፋል፤ እኔን የባሰ የሚያስጨንቀኝ ያ ዝም ማለቱ ነበር። የአጥራችን ቆርቆሮ ከሥሩ ክፍት ነው፣ በዚያ ገብቶ ቢወስደውስ? ካርቶን ላይ አሮጌ ጋቢ አንጥፌ አልጋዬ አጠገብ አስተኛሁት። እጄን ወደታች ስሰድለት አሽትቶኝ ይተኛል። ጎረቤቴ “አሞላቀቅሽው፣ እንዲህ ያደገ ውሻ መች ሌባ ይይዛል?” አለችኝ። ዛሬ እንግዳ ሰው በሩን ገፋ ሲያደርግ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው።

ስለ ሽንቱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በግምት ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው በወሩ ልክ ነው፤ የሁለት ወሩ ሁለት ሰዓት ያህል፣ የሦስት ወሩ ሦስት። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው ማውጣት ነው። በጅማ ዝናብ ይህ ፈተና መሆኑን አልክድም። ጃንጥላ ዘርግቼ ጓሮ ቆሜያለሁ፣ እሱ ሣሩን እያሸተተ ይዞራል፣ ይዞራል። ሲሸና “ጎሽ የኔ ልጅ!” እልና ቁራሽ ዳቦ እሰጠዋለሁ። ቤት ውስጥ ከሸና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚባለው ነገር ሰው መፍራትን እንጂ ሌላ አያስተምረውም። ጠርጎ በአቼቶ ማጠብ ይበቃል፤ ሽታው ካልጠፋ እዚያው ቦታ ይመለሳል።

ከዚያ ጥርሱ መጣ። ከእናቴ የወረስኩት የጅማ በርጩማ አለኝ፣ ከነሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ የተጠረበ። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ አንደኛው እግሩ ጫፉ ተፋፍቋል። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስዳብሰው እንጨቱ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥርስ ተሰክታ አገኘሁ። ቡላ አጠገቤ ተቀምጦ ድዱን በምላሱ ይልሳል። ልጄ ጥርሷን ነቅሎ፣ የራሱ ሲወልቅ እንደሚያደርገው፣ ጣሪያ ላይ ወረወራት። እሱ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ፤ ለበርጩማው ልናደድ ብዬ አልሆነልኝም። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፣ በአራተኛው ወሩ ገደማ መርገፍ ይጀምርና በምትኩ 42 ይበቅላል። በዚያ ጊዜ የሚያኝከው ድዱ ስለሚበላው ነው እንጂ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጨርቅ ቋጥሬ በውሃ አርሼ ሰጠሁት፣ በርጩማውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት።

ምግብ ላይ ሁላችንም ልንጠነቀቅ ይገባል። ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ቢበስልም ያው ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት መች ይሠራል? ስለዚህ የወጥ ትራፊ አልሰጠውም። ከሥጋ ቤት የማገኘውን ቅንጥብጣቢ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅዬ በእንጀራ እፈተፍትለታለሁ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቡናም ለውሻ መርዝ ነው፣ ልቡን ያስጨንቀዋል፤ በቡና አገር ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ይገርመኛል። ጓሮ እደፋው የነበረውን የቡና አተላ አሁን ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ነው የማጠራቅመው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልመለስ። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከሦስት ሳምንቱ ጀምሮ እስከ ሦስት ወሩ ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዕድሜ ያላየውን ነገር ሲያድግ ይፈራዋል፣ የፈራውን ደግሞ ይነክሳል። እኔ ቡላን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ቡና ወደምሸጥበት ይዤው እሄድ ነበር። ክትባቱ ስላላለቀ መሬት አላስረግጠውም፤ ፓርቮ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ በሽታ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ቡችላን በጥቂት ቀናት ይገድላል። ከዘንቢሉ ሆኖ ባጃጅ አየ፣ ጃንጥላ ሲዘረጋ አየ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች አየ፣ ከዘራ የያዙ አባቶች አየ። ጎረቤታችን ሀጂ ውሻ ልብሳቸውን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። ልጄ እሳቸው ለሶላት የሚወጡበትን ሰዓት አጥንቶ ያኔ ቡላን ጓሮ ያስገባዋል። ሀጂም ከበራቸው ላይ ሆነው “ቡላ እንዴት አደረ?” ሳይሉ አያልፉም።

ትምህርቱም በዱላ አልነበረም። “ና” ስንለው ሲመጣ ዳቦ፣ “ተቀመጥ” ስንለው ሲቀመጥ ዳቦ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ሳይሰለቸው። አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ አጥሩን ዘላ ገባች። ቡላ ተወርውሮ ሊይዛት ጥቂት ሲቀረው ልጄ “ቡላ፣ ና!” አለ። ቆመ። ዶሮዋን አየ፣ ልጄን አየ፣ ዞሮ መጣ። ልጄ አንገቱን አቅፎ ሲዘል ያየሁት ደስታ ተነግሮ አያልቅም።

በሰንሰለት ታስሮ፣ በሚጥሚጣ እየተቃጠለ፣ ከአንድ ሰው በቀር ሳያይ ያደገ ውሻስ? ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት ሌባ መርጦ አይነክስም። የሚያገኘው ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ነው።

ያ ውሻ ያልተከተበ ከሆነ ነገሩ ከቁስል ያልፋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው በውሻ የሚመጣ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጸበሉም ዱዓውም ይደረግ፣ መርፌው ግን አይቅር፤ በሥር ማሽ ብቻ እየታከሙ ጊዜ ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚነግረን ጊዜ ይደገማል። ቡላ ሲወጋ ልጄ ነው ያለቀሰው፣ እሱ ጅራቱን እየቆላ ነበር።

መርዝ በትኖ ውሻ መጨረስ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በሞቱት ቦታ ሌሎች ያልተከተቡ ይመጣሉ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን የበሽታው መተላለፍ ይቆማል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። እስከ ፈረንጆቹ 2030 በውሻ ምክንያት በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዓለም ግብ ይዟል።

ጅማ ለዚህ ምን ይጎድላታል? ዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፣ ትምህርቱም ማኅበረሰብ ተኮር ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል። በዚያ ሳምንት በየቀበሌው አንድ ጠዋት ይመደብልን፤ ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ ይምጡ፣ እኛም ውሾቻችንን በገመድ ይዘን እንምጣ። ቡችላ አያያዝንም እዚያው ያስረዱን። ቦታውና ሰዓቱ በመስጊድም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በየዕድራችንም ይነገር፤ ክፍያ ካለው ሰው ገንዘቡን እንዲያዘጋጅ አስቀድሞ እንወቀው። የሚመለከታችሁ የከተማው ኃላፊዎች መልሳችሁን በዚሁ ጋዜጣ ብትሰጡን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀበና ቡና ሻጭ እናት፣ ከጅማ ሄርማታ