ፐርሰንት ስላልነው ጉቦነቱ አይቀርም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ቀለም፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቱቦላሬ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ስለ ሙስና የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ብዙዎቹ ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ናቸው። መሬት፣ ጉምሩክ፣ የመንግሥት ጨረታ። ልክ ናችሁ፣ እዚያ ችግር አለ። የኔ ደንበኞች ግን አብዛኞቹ የግል ድርጅቶች ናቸው። በዓይኔ ያየሁት ጉቦም እዚያ የሚበላው ነው። ስለሱ የሚጽፍ ሰው ስላጣሁ እኔው ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

በግል ድርጅት ውስጥ ጉቦን በስሙ የሚጠራው የለም። «ፐርሰንት» ይሉታል፣ «ኮሚሽን» ይሉታል። ግን ደላላ ኮሚሽን ሲቀበል ገዢም ሻጭም ያውቃሉ፣ ማንም አይደብቀውም። የግዢ ሠራተኛ ደግሞ ድርጅቱ ደመወዝ እየከፈለው፣ ከድርጅቱ ተደብቆ ነው ከሻጩ የሚቀበለው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለሐቀኛው ደላላም ስድብ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ ሱቄ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ ነው። ዝርዝሩን ሰጠኝ፣ ደመርኩት፣ 84,000 ብር መጣ። ልጁ ካልኩሌተሬን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ 100,000 ጻፈና ወደ እኔ አዞረው። «ጋሼ፣ እንዲህ ቢቆረጥስ?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከጀርባው ሦስት ሰው ተራ እየጠበቀ ነበር። ደረሰኙን በዚያው ቆረጥኩለት። ገንዘቡ ሲገባልኝ 16,000ውን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ፋብሪካው ከነ15 በመቶ ቫቱ 18,400 ብር ያለ አግባብ ከፍሏል። እኔ ዘንድ ደግሞ 16,000ው በወረቀት ላይ የኔ ትርፍ ሆኖ ተቀምጧል። የትርፍ ግብሩ በኔ ስም ይመጣል። ጉቦ ከፈልኩ ብዬ በወጪ አላስይዘው! ታዲያ ነጋዴ ይህን በምን ያካክሳል? ብዙዎቻችን የምናደርገውን አውቃለሁ። ለሌላው ደንበኛ ያለ ደረሰኝ መሸጥ ይጀመራል። አንዷ ፖስታ ሌላ ጥፋት ትወልዳለች። እኔም ያን አድርጌአለሁ። ከዚያ በኋላም ለዚያ ልጅ ደጋግሜ ከፍ አድርጌ ቆርጬለታለሁ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ራሴን አውጥቼ ስለሌላው ብቻ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

በቃኝ ያልኩ ጊዜ ፋብሪካው ደንበኝነቱን አቋረጠ። ባለቤቱ ለምን እንደቀረሁ የጠየቁ አይመስለኝም። ምናልባት ስሜንም አያውቁት ይሆናል።

ድርጅቶቹ መከላከያ የላቸውም ማለት አይደለም። «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ»፣ ማለትም ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት አምጣ የሚለው ደንብ ሁሉም ጋ አለ። ግን ሦስቱንም የሚሰበስበው ያው አንድ ሰው ነው። ሱቅ ገብቶ «ሌሎቹን ሁለቱን እርስዎው ይፈልጉልኝ» የሚል ገዢ ስንቴ ገጥሞኛል። ሻጩ ጎረቤቱ ጋ ይሄዳል፣ ዋጋው ከሱ ከፍ ብሎ ይጻፋል፣ ማህተም ይመታበታል፣ አለቀ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይህ ነው። ፋይሉ ግን ሲታይ ንጹሕ ነው። ኦዲተር ቢመጣም ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ማህተም፣ ዝቅተኛው ዋጋ ተመርጧል።

አንድ ጊዜ ግን አንዲት ሴትዮ ሱቄ መጡ። የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በስልክ አይደለም፣ ራሳቸው መኪና አቁመው ነው የገቡት። ሦስት ፕሮፎርማ ባንኮኒው ላይ ደረደሩ። «ይቺኛዋን እርስዎ ነዎት የሰጡት?» አሉኝ። የሱቄ ስም አለበት፣ ማህተምም አለበት። ወረቀቱ ግን የኔ አይደለም፣ ማህተሙም የኔን ይመስላል እንጂ የኔ አይደለም። እንዲህ ያለ ዋጋ ለማንም አልሰጠሁም። ከዚያ ጣታቸውን በሦስቱም ወረቀቶች ላይ አንድ በአንድ አስኬዱ። ሰባት ቁጥር በሦስቱም ላይ ወገቧ ላይ መስመር ተሰምሮባታል። ሦስት ሱቅ፣ አንድ እጅ። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ እንኳን አላደረጉም። አመስግነውኝ ወጡ። በኋላ እንደሰማሁት ከዚያ ወዲህ ፕሮፎርማ የሚጠይቀው አንድ ሰው፣ ዋጋ የሚያጣራው ሌላ ሰው፣ ዕቃ የሚረከበው ሦስተኛ ሰው ሆኗል። ለዚህ አዲስ ሠራተኛ እንኳ አልቀጠሩም።

ሰው ጉዳቱን በብር ብቻ ያስባል። እኔ የሚያሳስበኝ ዕቃው ነው። ፐርሰንት የበላ ገዢ ሻጩን «ይህ ዕቃ ጥራት የለውም» ብሎ ለመመለስ አፍ የለውም። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ተብሎ ተጽፎ 32 ይገባል። 32 እኮ ቀጭኑ ነው፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ይጎደጉዳል። ሽቦ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ለሶኬት መስመር ባለ 2.5 ሽቦ መዘርጋት ሲገባው ቀጭኑ ባለ 1.5 ከተዘረጋ፣ ከባድ ዕቃ በተሰካበት ቁጥር ይግላል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት የሚያድሩት ሠራተኞች ስለ ፖስታው የሚያውቁት ነገር የለም።

አንድ ድርጅት ውስጥ የማውቃት የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለች። ዕቃ ስናደርስ መረከቢያው ላይ ከመፈረሟ በፊት ከጥቅሉ ጫፍ ጥቂት ሽቦ ትቆርጣለች። ፕላስቲኩን በምላጭ ትልጥና መዳቡን ከመሳቢያዋ ካስቀመጠችው ትክክለኛ ባለ 2.5 ቁራጭ ጎን ታስተኛዋለች። አንድ ቀን የኔን እንዲህ ስትለካ ደረስኩ። «ትናንት ከሌላ ቦታ የመጣውን መልሼዋለሁ» አለችኝ። በዚያ ምክንያት የግዢው ክፍል ለሳምንታት አኩርፏት እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ባለቤቱ ካላወቃትና ካልቆመላት ስንት ቀን ትችላለች?

ሌላም አለ። ዕቃ አስረክበህ ክፍያው ሲዘገይ፣ «ቼኩ ተዘጋጅቷል፣ ግን ፈራሚው የሉም» ትባላለህ። አንድ ሁለት ሺህ ብር ስትወረውር ፈራሚው ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይመጣሉ። መክፈያ ቀኑ በውል ላይ ተጽፎ በቀኑ ቢከፈል ይህኛው ጉቦ በራሱ ይሞታል።

ሕጉ ይህን አያውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ዘርፍ ድርጅቶችን «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ አካቷቸዋል። ዕድር፣ የሃይማኖት ተቋምና ጥቂት ሌሎች ግን ከዚህ ውጪ ናቸው። በአዋጁ ላልተካተቱትም ቢሆን እምነት ማጉደልና ሐሰተኛ ሰነድ በወንጀል ሕጉ ውስጥ አሉ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የጉቦ ሕግ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ለድርጅቱ ብሎ ጉቦ የሰጠ ሰው ሲገኝ ድርጅቱም «ለምን አልተከላከልክም?» ተብሎ ይከሰሳል። ማምለጫው በቂ የመከላከያ ሥርዓት እንደነበረው ማስረዳት ነው። «እኔ አላውቅም ነበር» ማለት ብቻውን አያድንም። የኛ ባለሀብቶች ግን በዚህች ቃል ነው የሚኖሩት። እዚህ አዳማም ሆነ ሌላ ቦታ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣባቸዋል።

ስለ በዓል ስጦታም ልበል፣ ብዙ ሰው ይከራከረኛልና። ለደንበኛ በፋሲካ በግ መላክ ጉቦ ነው ወይ? የኔ መለኪያ ይቺ ናት። በጉን በቀን፣ በድርጅቱ በር፣ ባለቤቱ እያዩ ማስገባት የምችል ከሆነ ስጦታ ነው። ማታ ወደ ግዢ ሠራተኛው ቤት የሚሄድ ከሆነ አይደለም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየሰማን ነው ያደግነው። የግዢ ክፍል መመደብ ዛሬም እንደ ሹመት ይቆጠራል። «ግዢ ሆነ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ሲባል ሰምቻለሁ። ያን ልጅ በዚህ ብቻ አልፈርድበትም። ሌሎቹ ሁሉ ሲያደርጉት እያየ ነው የገባው። በእጁ የሚያልፈውን መቶ ሺህና የወር ደመወዙን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የሚያሳዝን ነው። ቢሆንም ደመወዝ ስለተጨመረ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም። የሚያቆመው የሚያጣራ ሰው መኖሩን ማወቅ ነው።

እኔ አሁን በምሰጠው ፕሮፎርማ ሁሉ ግርጌ ላይ የራሴን ስልክ እጽፋለሁ። ከሥሩም «የድርጅቱ ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ ዋጋውን በዚህ ቁጥር ያረጋግጡ» የሚል አለበት። አንዳንድ የግዢ ሠራተኞች ይህን አይተው ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ጥለው ሄደዋል። ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን የደወሉልኝ ሁለት ሥራ አስኪያጆች ብቻ ናቸው። የአንደኛው ጥሪ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እናንተ ባለሀብቶችን ቃለ መጠይቅ ታደርጋላችሁ። ስለ ዶላር ትጠይቋቸዋላችሁ፣ ስለ ብድር ትጠይቋቸዋላችሁ። እባካችሁ ይህንንም ጠይቁልኝ፦ ባለፈው ወር ፕሮፎርማ ከሰጧችሁ ሻጮች ስንቶቹ ጋ ደወላችሁ?

አክባሪያችሁ፣
የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ከአዳማ