መቅደላ ወጥቼ ነበር

ይድረስ ለወንድሜ፤

«ዶክተር» ልበልህ ወይስ «የተከበሩ»? ይቺን ለመወሰን ሁለት ማታ ፈጀብኝ። አራት ዓመት ዝም ተባብሎ ሰላምታ መጀመርም ይከብዳል ለካ። ለማንኛውም እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴም ያው ናት። ጦሳ ጉሙን እንደለበሰ ነው። የተረኛ ክፍላችን መስኮትም ዛሬም አይዘጋም።

የዝምታውን ነገር ላንሳው። የዚያን ቀን ሻይ ቤት «ስቴቶስኮፕህን በወንበር ለወጥከው» አልኩህ። ያውም ሰው ፊት። መልስ ሳትሰጠኝ ሒሳቡን ከፍለህ ወጣህ። የኔን ሻይ ጭምር መክፈልህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ባለፈው ጥር ለሥራ ተንታ ሄጄ ነበር። አጅባር አድረን በማግስቱ መቅደላ ወጣን። ሴባስቶፖል እዚያው ተጋድሟል። ያንን ሁሉ ብረት በዚያ አቀበት እንዴት እንደጎተቱት እያየሁትም አላመንኩም። እኔ አንዲት ጠርሙስ ውሃ ይዤ ሦስት ጊዜ አርፌአለሁ።

ሰው እዚያ ሲደርስ የሚያስበው ቴዎድሮስን ነው። እኔ ግን አንድ ሕፃን ትዝ አለኝ። ጎንደር የተወለደ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚህ አምባ ላይ ሲሞቱ ገና ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚያ ግርግር መሃል አንድ እንግሊዛዊ መኮንን አንስቶ ህንድ ይዞት ሄደ። ስሙ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ ኤድንብራም ሄደ፣ በርማ ውስጥ ለእንግሊዝ ሠራ። አማርኛውን ረስቶታል። ከዓድዋ በኋላ አገሩን ፍለጋ ሲመጣ ያወቁት አያቱ ናቸው ይባላል፤ ምልክታቸውም ሰውነቱ ላይ የነበረው የልጅነት ጠባሳ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ማለት እሱ ነው።

እኛማ ስማቸውን «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም» ብለን ሸምድደን አልፈናል። ምኒልክን አከሙ። ከዚያ ዳኛ ሆኑ፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ፣ በ1920 ለጣና ግድብ ጉዳይ አሜሪካ ተላኩ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ። ጣልያን ሲወረን ደግሞ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። እስቲ አስበው፤ ጦሩ በሦስት ዓመታቸው ከመቅደላ የወሰዳቸውን መንግሥት፣ ሰባ ዓመት ሆኗቸው «አገሬን አድኑልኝ» እያሉ ደጅ ጠኑት። ሁለት ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው በ1929 ጣልያን ረሸናቸው። አባት ባሕር ማዶ ናቸው። ይህ ሁሉ ሹመት አልፎ ዛሬም ሰው የሚጠራቸው ግን «ሐኪም» እያለ ነው።

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስንም አስታውስ። እሳቸውም ኤድንብራ የተማሩ ቀዶ ሐኪም ናቸው። በስተርጅና ፖለቲካ ገቡ፣ ታሰሩ፣ እስር ቤት ታመሙ፣ በ1991 አሜሪካ ውስጥ አረፉ። አንተ ከዋርዱ ስትወጣ ያስፈራኝ የሳቸው ዕጣ ነበር መሰለኝ። ፍርሃቴን በስድብ አወጣሁት።

ከመቅደላ ስንወርድ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አገኘን። ሴትዮዋ ቤቷ ወልዳ እንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ደሙ ጋቢውን አልፏል። አምቡላንሱ መንገዱ ካለቀበት ቆሞ ይጠብቃል፤ እዚያ ለመድረስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀራል። ሳጥናችን ውስጥ ጓንትና ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ነበረ። እዚያው አፋፍ ላይ በእጄ አወጣሁት። ተርፋለች። የወሎን ምርቃት ታውቀዋለህ፣ አንዴ ከተጀመረ አያልቅም። እኔ አሚን፣ አሚን እያልኩ የማስበው ስለ መንገዱ ነበር። የኔ እጅ ደም ያቆማል፣ መንገድ አያስጠርግም። ያን ጊዜ ነው ይቅርታ ልጠይቅህ የወሰንኩት። ይኸው፣ ይቅር በለኝ።

ሁሉንም ግን አልተውኩልህም። በቀደም በቴሌቪዥን ስለ ጤና ስትናገር አየሁህ። «ተደራሽነት» የምትለዋን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ጊዜ። አንድ በሽተኛ ግን አላነሳህም። አንተ እኮ ኬዝ ስታቀርብ የሰውየውን ጠባሳ ሳይቀር የምትናገር ልጅ ነበርክ። ጠዋት ራውንድ ላይ እንቅልፋችንን የምታባርርልን አንተ ነበርክ። ያቺን የቃሬዛዋን ሴት ውሰዳት፣ ስብሰባችሁ ላይ አቅርባት። ሁለት ሰዓቱን እንዳትረሳ።

አባትህ በየሁለት ወሩ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ከኩታበር ድረስ በሚኒባስ፣ ነጠላቸውን ለብሰው። ባለፈው ስኳራቸው 260 ነበር። «በሁዳዴ ምን በላሁና?» አሉኝ። ቤታቸው ሄጄ የማር ማሰሮውን አይቼዋለሁ፣ ለሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። ነርሷ «ልጅዎ ይደውላል?» ስትላቸው «እንዴታ፣ በየቀኑ!» ብለው ይዋሹልሃል። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ያዩታል።

የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ግንቦት 12 ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። የሳቸው ስልክ ድምፁ አይሰማም። በኔ ደውል፣ አቀብላቸዋለሁ።

ያው እኔ፤ ደሴ