ስምንተኛዋ ቀዳዳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ነው። 27 ዓመት በድንጋይ ካባ ውስጥ ቋጥኝ ስበሳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጆሮዬ የድንጋይ መብሻውን በአየር ግፊት በሚያሠራው ኮምፕሬሰር ጩኸት ደንቁሯል። ሳወራ ስለምጮህ ስጽፍም የጮህኩ ከመሰላችሁ ይቅር በሉኝ።

ከቤቴ ጀርባ አንድ ትልቅ ጥቁር ቋጥኝ አለ። ላዩ ላይ ሰባት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ፈንጠር ብላ ደግሞ ስምንተኛ አለች። ልጆቼ ትንሽ ሳሉ ብይ ይከቱባቸው ነበር። ባለፈው ወር አምስት ጎረምሶች ስልክና የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ይዘው መጡ። አንደኛው የክርስትና ልጄ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጣሊያን ወርቅ የቀበረበት ምልክት ነው» አለኝ። ሰባቱ ቀዳዳዎች ሰባት እርምጃ ማለት ናቸው አሉ። ስምንተኛዋ ዘንበል ያለችው ወደ ባሕር ዛፉ ለመጠቆም ነው። ወርቁ ያለው ከባሕር ዛፉ ሥር ነው።

ባሕር ዛፉን የተከልኩት እኔ ነኝ። በ1983 ዓ.ም.፣ ለአጥር ብዬ። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ 50 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህን ስነግረው «ያኔ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ዛፍ ነበር ይሆናል» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ!

ትርጉሙን ያገኙት ስልክ ላይ ነው። አሳዩኝ። ብዙዎቹ ቪዲዮዎች የቱርክ ናቸው። በዚያ አገር አርመኖችና ግሪኮች ቀብረውት ሄዱ የሚባል ወርቅ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። እሱን አንዱ በአማርኛ እየተረጎመ ይለጥፋል። ሦስት ማዕዘን የሚመስል ቀዳዳ የንጉሥ ሀብት ነው ይላል። እንዴት ሦስት ማዕዘን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

አባቴ በጣሊያን ጊዜ፣ በደሴ መንገድ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር። ያኔ ለእነሱ የደረሳቸው ኮምፕሬሰር ሳይሆን መዶሻ ነው። አንዱ ተቀምጦ ብረቱን ይይዛል፣ ሁለቱ ቆመው እየተፈራረቁ ይመታሉ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ያዡ ብረቱን ትንሽ ያዞረዋል። ካላዞረው ድንጋዩ ይነክሰዋል፣ አይወጣም። በየመሀሉ ውሃ ጠብ ያደርጉበትና ጭቃውን እንደ ማንኪያ ባለ ረጅም ብረት ይጠርጉታል። እንዲህ ተበስቶ የተሠራ ቀዳዳ ድፍን ክብ አይወጣም። ጎን ጎን ይኖረዋል። አባቴ ብረት ያዥ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ የግራ አውራ ጣቱ ጠማማ ነበረች።

ሰባቱ ቀዳዳዎች የእንደዚህ ዓይነት እጅ ሥራ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ነው። ይህ ድንጋይ ለመሰንጠቅ ነው። በየቀዳዳው ሁለት ስስ ብረት ታስገባለህ፣ በመሀላቸው ሽብልቅ። ከዚያ በተራ፣ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ትመታለህ። ችኮላ የለም። ሽብልቁ እየጠበቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። ቆይቶ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል፤ ቅጭ ይላል፣ እንደ ዳቦ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ወርቅ አያምረውም፤ እኔ ግን ሁሌም ትንሽ አጋንናለሁ።

«ታዲያ ለምን በስተው ተዉት?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ድንጋዩ ውስጡ ስንጥቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚፈለገው ድንጋይ ሞልቶ ይሆናል። ኮንትራቱ አልቆ፣ ሠራተኛው ተበትኖ ይሆናል። እኔ ራሴ ቅዳሜ በስቼ ሰኞ ያልተመለስኩባቸው ቋጥኞች አሉ። የዛሬ መቶ ዓመት አንድ ሰው መጥቶ የኔን ቀዳዳ ይፈታ ይሆናል፤ ፍቺው ደመወዝ አልተከፈለም ነው።

ማሽኑ እውነት ነው፣ ጮኸ። እኔም ሰምቻለሁ፣ በደህናው ጆሮዬ። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ግን የብረት ማዕድን አለ። ክረምት ላይ ከጎርፍ ቦይ ጥቁሩን አሸዋ አንሱና ማግኔት አስጠጉበት፣ ይለጠፋል። ማሽኑ በዚህም ይታለላል። ሆኖም ቆፈሩ። ገብስማ ዶሮ ታረደ፣ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ 6,000 ብር ወሰደ፣ የጎረቤቴ አጥር ተናደ። ያገኙት አንድ ክንድ የማትሞላ የተሰበረች የመብሻ ብረት ናት። አጥቤ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኳት።

እስከዚህ ድረስ ስቄ አልፌው ነበር። የጻፍኩት ስለ ስምንተኛዋ ነው።

ስምንተኛዋ በኮምፕሬሰር የተበሳች ናት፣ ድፍን ክብ። ዘንበል ያለችው ድማሚቱ ድንጋዩን ወደ ክፍቱ ጎን እንዲገፋ ነው። አፏ በቀይ ጭቃ ተጠቅጥቋል። የልጆቼ ብይ እዚያች ላይ የማይገባው ለካ ለዚህ ነበር። ጎረምሶቹ «አየህ፣ ታሽጓል» ብለው ተደሰቱ። እኔ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ድማሚት ከገባ በኋላ አፉ በጭቃ ይጠቀጠቃል። ከተኮሰ ጭቃውም ድንጋዩም አይኖርም። ጭቃው ካለ ወይ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወይ ድማሚቱ ሳይፈነዳ ከሽፏል። በሥራችን የከሸፈ ጉድጓድ አይነካም። ስንጠቀጥቅ እንኳ በእንጨት እንጂ በብረት አንነካውም ነበር። ድማሚት ሲያረጅ ደግሞ ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ በትንሽ ግጭት ይፈነዳል። የክርስትና ልጄ ዲጅኖ ይዞ በመዶሻ ሊያስገባ ነበር። ከእጁ ነጠቅኩት። በ70 ዓመቴ ከጎረምሳ ጋር ታገልኩ።

«ሽማግሌው ለብቻው ሊበላ ነው» አሉ። ይበሉ። ጥንታዊ ነገር እንኳ ቢሆን ያለ ፈቃድ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው ብዬ ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ። ለፖሊስ ደወልኩ። መጥተው ቋጥኙን በገመድ አጠሩ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይጠጋ አሉ።

እባካችሁ ይህችን ደብዳቤ አውጡልኝ። ጭቃ የተጠቀጠቀበት ቀዳዳ ያገኘ ሰው ብረት አይክተትበት፣ እሳት አያስጠጋበት፣ ይራቅና ለፖሊስ ይደውል። ትናንት ማታ ውሻዬ ሲጮህ ወጣሁ። ቋጥኙ ላይ ሁለት የስልክ መብራት ነበር። ጠዋት ሄጄ ሳይ ገመዱ ተቆርጧል።

ከለገጣፎ፣ ጡረተኛ የካባ ሠራተኛ