የታላቅህ የደም ቧንቧ ጉዳይ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሳልጽፍልህ በጣም ቆየሁ፤ ይቅር በለኝ። ታላቅህ ስታቲን የተባለውን ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት እየወሰደ፣ ኮሌስትሮሉም ወርዶ ሳለ፣ ሃርት አታክ ለምን ሊደግመው ይችላል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አንዱ ምክንያት ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ነው።

ኤልዲኤል፣ ማለትም መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ በደም ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሲጠራቀም ነጭ የደም ሕዋሳት ገብተው ይውጡታል። ኮሌስትሮሉ ሲበዛባቸው ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ ኤንኤልአርፒ3 የሚባለውን የፕሮቲን ስብስብ ይቀሰቅሳል፤ እሱም ኢንተርሉኪን-1ቤታ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ያነቃል። ይህ ሌላውን መልእክተኛ፣ ኢንተርሉኪን-6ን፣ ያስነሳል፤ በዚያ ምልክት ጉበት ሲአርፒ የተባለ ፕሮቲን ያመርታል። ላቦራቶሪ የሚለካው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሲአርፒ ጭሱ ነው፤ እሳቱ ያለው ከእሱ በፊት ባሉት ደረጃዎች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ካንቶስ የተባለው ጥናት ኢንተርሉኪን-1ቤታን ብቻ በሚያግድ መርፌ፣ በካናኪኑማብ፣ ኤልዲኤልን ሳይነካ ሃርት አታክን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን በድምሩ 15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። መጠኑ 150 ሚሊግራም በየ3 ወሩ ነበር። ነገር ግን በኢንፌክሽን የሞቱት በዙ፤ አጠቃላዩ የሞት ቁጥርም አልቀነሰም። የሰውነት መከላከያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው። ሜቶትሬክሴት የተባለው ሌላ የብግነት መድኃኒት ደግሞ በአነስተኛ መጠን ተሞክሮ ኢንተርሉኪን-1ቤታንም ሆነ ሲአርፒን አላወረደም፤ ሕመሙንም አልቀነሰም። ስለዚህ ማንኛውም የብግነት መድኃኒት ይሠራል ማለት አይደለም፤ መንገዱን ማግኘት አለበት።

ለታላቅህ ይበልጥ የሚቀርበው ኮልቺሲን የተባለው የሪህ መድኃኒት ነው፤ በቀን 0.5 ሚሊግራም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሎዶኮ2 የተባለው ጥናት የልብ ሕመማቸው በተረጋጋ ሰዎች ላይ አደጋውን 31 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ክሊር የተባለው ጥናት ግን መድኃኒቱ ከሃርት አታክ በኋላ ወዲያው ሲጀመር ጥቅም አላሳየም። እኔ ተስፋ የማደርገው በተረጋጋው ታማሚ ላይ ነው፤ ያውም በስታቲኑ ላይ ተጨምሮ እንጂ በምትኩ አይደለም።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ኩላሊቱ ክፉኛ ከደከመ፣ ወይም ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘለት፣ ኮልቺሲን ከሰውነቱ ሳይወጣ ተጠራቅሞ ጡንቻንና መቅኔን ይመርዛል፤ ሊገድልም ይችላል። ተቅማጥ ከጀመረው ዝም አይበል፤ ለሐኪሙ ይንገር።

ሲአርፒውን ሲለኩለት አነስተኛ መጠን የሚለየውን ምርመራ ይጠይቅ። ከ10 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ኢንፌክሽን ወይም ጉዳት ሊኖር ስለሚችል፣ ምክንያቱ ተፈልጎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም። 2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቆየ ግን ብግነቱ አልበረደም።

የኩላሊቱን ውጤትና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጻፍልኝ፤ ለሐኪሙ የሚያቀርበውን ጥያቄ አብረን እናዘጋጃለን።

ወንድምህ