ጉሮሮሽ ሥር ያመመሽን ሰማሁ

የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

እህትሽ ደውላ ነገረችኝ። አንገትሽ አልቆ ደረትሽ የሚጀምርበት ጎድጓዳው ላይ ያምሻል አሉ፤ አንቺም ኮዬ ፈጬ ካለው ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ልትገዢ ነው። እንዳትገዢ! ሳትመረመሪ አንቲባዮቲክ አትዋጪ።

መጀመሪያ ለብጉርሽ የጀመርሽውን ዶክሲሳይክሊን አስቢ። ማታ ልትተኚ ስትዪ በአንድ ጉንጭ ውኃ ነው የምትውጪው፣ አውቅሻለሁ። ካፕሱሉ የምግብ ቧንቧሽ ላይ ተጣብቆ ይቀርና እዚያው ሲሟሟ ያቆስለዋል። ሕመሙ በድንገት ጀምሮ ምራቅ ስትውጪ እንኳ የሚወጋሽ ከሆነ እሱን ነው የምጠረጥረው። ያዘዘልሽን ሐኪም እስክታናግሪ አቁሚው። ከእንግዲህ ክኒን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ ከዚያም ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዳትጋደሚ።

ቃርም ይሆናል። አምሽተሽ ገብተሽ፣ እራት በልተሽ ወዲያው ጋደም! ጠዋት አፍሽን ይጎመዝዝሻል? ድምፅሽ ይሻክራል? እራትሽንና እንቅልፍሽን 3 ሰዓት አራርቂ። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በጣውላ ከፍ አድርጊ። ትራስ መደራረብ ሆድሽን ስለሚያጥፈው ያብስብሻል።

ደግሞ መስተዋት ፊት ቀና ብለሽ ውኃ ጎንጨት በይ። ከማንቁርትሽ በታች ስትውጪ ከፍ ዝቅ የሚለው የታይሮይድ ዕጢ ነው። በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ንኪው። ሲነካ ካመመሽ፣ ሕመሙም ወደ መንጋጋና ጆሮሽ ከሄደ፣ ከጉንፋን በኋላ የመጣ የዕጢው መቆጣት ሊሆን ይችላል። ልብሽ በኃይል ይመታል፣ ያልብሻል? ለሐኪሙ ንገሪው፤ ቲኤስኤችና ኢኤስአር የሚባሉ የደም ምርመራዎች ያሠራሻል። ለዚህ የሚሰጠው ኢቡፕሮፌን፣ ሲብስም ፕሬድኒሶሎን ነው፤ አንቲባዮቲክ አይፈይድም። ኢቡፕሮፌንም ቢሆን ጨጓራሽን ስለሚጎዳ በራስሽ አትጀምሪ።

አሞክሳሲሊን ጠላቴ አይደለም። ትኩሳትሽ ከ38 በላይ ሆኖ፣ ቶንሲልሽ መግል ይዞ፣ ንፍፊትሽ አብጦ፣ ሳል ከሌለሽ ሊታዘዝልሽ ይችላል። ያኔ ደግሞ የታዘዘልሽን ቀን ሙሉ ጨርሺ፤ በግማሽ የተተወ የቶንሲል ሕክምና ለሩማቲክ የልብ ሕመም ያጋልጣል። ግን ሳትመረመሪ አትዋጪ፣ ሰማሽ?

የአጎትሽን ነገር ታውቂዋለሽ። ዳገት ሲወጣ ጉሮሮው ሥር ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይለቀዋል። ቤተሰቡ ሁሉ አፉን አስከፍቶ ቶንሲሉን እያየ ዝንጅብል ሲያጠጣው ከረመ። ልቡ ነበር። ዛሬም ዝንጅብል ሲሸተኝ ያናድደኛል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይህ ይሆናል ብዬ አይደለም። ቢሆንም አራተኛ ፎቅ ስትወጪ ብቻ መጥቶ አረፍ ስትዪ የሚጠፋ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ምራቅሽን መዋጥ ካቃተሽ፣ አፍሽ አልከፈት ካለ ወይም ትንፋሽሽ ካፏጨ ሌሊትም ቢሆን ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውዪ።

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ። ክኒኖችሽን ከነማሸጊያቸው ያዢ። ካርድሽ እህትሽ ጋ ነው። በርበሬሽ ተፈጭቷል፤ እስኪሻልሽ ግን አልክልሽም።

እናትሽ