ድልድዩ ይቅደም፦ የሥርዓተ ፆታ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን መጽሔት ለእያንዳንዱ ክበብ የሰጠው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤና የአባላት ዝርዝር የፈለገ ሰው ፋይሉን ቢሮ ያገኘዋል። እኔ የማወራው ዓመቱን ሙሉ ሲያነጋግሩን ስለከረሙት፣ ከምባታ ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛትን ስለታገሉት ስለ ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ነው።

ጥቅምት ላይ «ዘንድሮ የአንድ ሰው ሕይወት እናጥና» ተባባልን። ወንዶቹ እንደተለመደው ሯጭ ይሁን አሉ። ቤተሰቦቿ ከዱራሜ የመጡ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ቲቸር፣ አያቴ ሁሌ የምታነሣቸው ሴት አሉ» ብላ ስማቸውን ጠራች። አብዛኛው ልጅ ከምባታ ሲባል የሚያውቀው የአምበርቾን ተራራ ነው፤ ያውም ደረጃውን ቲክቶክ ላይ አይቶ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተው ሲፈልጉ ሰነበቱና ያገኙትን ይዘው መጡ።

ዶ/ር ቦጋለች ከምባታ ገጠር ውስጥ ነው የተወለዱት። ያኔ ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፤ ትምህርት ቤት የወንድሟ ነው። እሳቸው ውኃ ልቅዳ ብለው ይወጡና ተደብቀው ይማሩ ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ አጠኑ፤ በፉልብራይት ስኮላርሺፕ ደግሞ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያ ማራቶን እየሮጡ ለአገር ቤት ገንዘብ አሰባስበዋል። (ይህን ስናነብ «ሯጭ ናቸዋ!» ያሉት ወንዶች ደስታ ልክ አልነበረውም።)

ልጅ ሳሉ ተገርዘዋል። ያ ሌላ ልጅ ላይ እንዳይደርስ ነበር ሐሳባቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ከእህታቸው ጋር ለሴቶች መብት የሚሠራውን ድርጅት፣ ኬ.ኤም.ጂ. ኢትዮጵያን መሠረቱ።

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ወደ ሕዝቡ ሲሄዱ ማውራት የፈለጉት ስለ ኤች አይ ቪ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ድልድይ ነው የጠየቃቸው። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ መሻገር አልቻሉም። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ የመጣሁት ለጤና ነው፣ ድልድይ የመንግሥት ጉዳይ ነው» ብሎ ንግግሩን ይቀጥል ነበር። እሳቸው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ቁጭ ብሎ ያዳመጣቸው። ሽማግሌው፣ አዋላጇ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ወጣቱ በተገኙበት የማኅበረሰብ ውይይት ስለ ግርዛትም ስለ ጠለፋም መነጋገር ተጀመረ። በ2002 እ.ኤ.አ. አንዲት ሙሽራ አልተገረዝኩም፣ ከእኔ ተማሩ የሚል ጽሑፍ አንጠልጥላ 2,000 ያህል ሰው ፊት ተዳረች። ግርዛትን የሚከለክለው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 እ.ኤ.አ. መሆኑን ልብ በሉ።

በአካባቢው ሁሉም ሴት ልጅ ማለት ይቻላል ትገረዝ ከነበረበት ግርዛት ወደ 3 በመቶ ገደማ እንደወረደ ተዘግቧል። አንዱ አባላችን «3 በመቶውን ማን ቆጠረው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው የተከለከለ ነገር ላይ ሲጠየቅ ሁሌ እውነቱን አይናገርም። ያም ሆኖ ለውጡ ትልቅ መሆኑን አልጠራጠርም።

ያልወደድኩት ነገር አለ። «እሱ እኮ የገጠር ጉዳይ ነው» የሚል ድምፅ ከውይይቱ አልጠፋም። የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አወጣሁላቸው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶ ተገርዘዋል፤ ከተማ ያሉት 54 በመቶ። ክፍሉ ጭጭ አለ።

አሁን ወደ ግቢያችን። በሚኒ ሚዲያ የምናስተላልፈው ፕሮግራም ምክር ብቻ ነበር። «ውድ ተማሪዎች» ሲባል ሁሉም ወሬውን ይቀጥላል። ታዲያ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ «እኛስ ድልድያቸው ምን እንደሆነ ጠይቀናቸዋል?» አለች። ካርቶን ቀዳድን የጥያቄ ሣጥን ሠራንና ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚያስቸግራቸው ጠየቅን። እኔ መንገድ ላይ ስለሚደርስባቸው ለከፋ ይጽፋሉ ብዬ ነበር። የመጣው ወረቀት አብዛኛው ስለ መጸዳጃ ቤት ነው፤ በሩ መቀርቀሪያ የለውም፣ ውኃ የለም። መቀርቀሪያውን ብረታ ብረት የሚሠሩ አንድ ወላጅ በነፃ ገጠሙልን፤ እግዜር ይስጥልን። ሮቶው ግን እስካሁን «በሂደት ላይ» ነው። መቀርቀሪያው ከተገጠመ ወዲህ የረቡዕ ውይይታችን ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ክፍል ስንበደር ከረምን።

ለየካቲት 29 የሴቶች ቀን ሠርጉን በድራማ አቀረብነው። ሙሽራዋ ወዲያው ተገኘች፤ ችግሩ ሙሽራው ነው። ያልተገረዘች በማግባቴ ደስ ብሎኛል የሚለውን ጽሑፍ አንገቱ ላይ ለማንጠልጠል ወንዶቹ በሙሉ አፈሩ። በመጨረሻ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ሱፍ ካለበሳችሁኝ እሺ» አለ። የአጎቱን ሱፍ ተዋሰ፤ እጅጌው ጣቱን ውጦታል። ማይኩም እንደ ልማዱ መሃል ላይ ጠፋ። ልጁ ግን ጮክ ብሎ ጨረሰው፤ የኋላ ወንበርም ሰምቶታል።

ኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ያነሣቸው ቤተሰቦች ልጆች ስለራቁብን አባሎቻችን ቀንሰዋል። ርቀቱን ችለው የሚመላለሱትን በዚህ አጋጣሚ ላመሰግን።

ዶ/ር ቦጋለች ያረፉት ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በ2018 በዚያው ቀን ዝግጅት ይኖረናል። ምዝገባው መስከረም ላይ ይጀመራል፤ ወንዶችም ትመዘገባላችሁ፤ ሱፍ ያለው ቢመጣ ደግሞ እሰየው።